የአሳየሽ ዕቅድና ክንውን

የምሥራች። «ምሥር ብላ» ለማለት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ስሙኝ። ጉኑኖ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ባለፈው ቅዳሜ አንድ አረንጓዴ በር ተከፈተ። ከበሩ ወዲያ አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ ወደ ጓሮ የዞረ ምድጃ አለ፤ ቀለሙ ገና እጅ የሚይዝ ግድግዳ አለ። ጠዋት የገባ ሰው ቀትር ላይም ከቦታው አልተነሣም። የተፈጨው ዳታ አልቆ እንደገና ተፈጨ።

በሩ የማን ነው? የአሳየሽ ነው። የሶዶዋ አሳየሽ፤ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው በአቶ ወልደመስቀል ሥጋ ቤት፣ ሰው በወጥ ቤቱ መስኮት ፊቷን እንጂ እግሯን አይቶ የማያውቃት አሳየሽ። እንዴት ወጣች ትሉኛላችሁ። እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

አሳየሽ የጉኑኖ ልጅ ናት። ቸርነት የሚባል ሰው አግብታ ሶዶ ገባች። የቸርነት አያት በድሮው ዘመን ከሰሜን ከአንድ ሹም ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ሶዶን እንጂ ሌላ አገር አያውቁም። ቸርነት በወባ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ታላቅ ወንድሙ አቶ ወልደመስቀል ተዝካሩ ሳይወጣ «የወንድሜ ሚስት ሜዳ ላይ አትቀርም» ብለው ከሥጋ ቤታቸው ጀርባ አንድ ክፍል ሰጧት።

ያኔ ሥጋ ቤቱ እንደማንኛውም ሥጋ ቤት ነበር። ስም ያወጣው አሳየሽ ዳታ መፍጨት ስትጀምር ነው። ዳታ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከቅመማ ቅጠሉ ጋር ድንጋይ ላይ ተፈጭቶ ለጥሬ ሥጋ የሚቀርበው ነው። ወላይታ ውስጥ የሌለበት ቤት የለም። የአሳየሽ ግን መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ሁለተኛ ጉርሻ ላይ ነው የሚናገረው። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሾፌር ይህን ሳይቀምስ አያልፍም ነበር። እሷ ድንጋዩ ላይ አጎንብሳ ትፈጫለች፣ በመስኮቱ ታቀብላለች፣ ባዶውን ሳህን ትቀበላለች። ከመስኮቱ የሚታያት የተሰቀለው ሥጋ፣ የበላተኛው ጀርባና በትልቁ በር በኩል አንዲት ቁራጭ አስፋልት ናት። ከዚያች ቁራጭ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚኒባሱ ረዳት ድምፅ ይመጣል፦ ጉኑኖ፣ ጉኑኖ፣ ጉኑኖ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው።

ያ አንድ ሰው እሷ ሆና አታውቅም።

አቶ ወልደመስቀል ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። ትጣላለች፣ ታለቅሳለች፣ ጓዟን ይዛ ትወጣለች። ክፉ አልነበሩም። መጀመሪያ የጠየቀቻቸው ከብዙ ማሰላሰል በኋላ፣ በመልካም ቀን፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ ነው።

«ጋሼ፣ ጉኑኖ አባቴ የተወልኝ የመንገድ ዳር ክፍል አለች። ወንድሜ አንጁሎ ፍየል ያሳድርባታል። እዚያ ሄጄ የራሴን ትንሽ ነገር ብሞክር ብዬ ነበር።»

አቶ ወልደመስቀል ከልባቸው ደነገጡ። «ምን ጎደለሽ?»

«ምንም አልጎደለኝም፤ ግን…»

«ታዲያ?»

ስኒውን አንሥታ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። በሳምንቱ ወፍራም ብርድ ልብስ መጣላት። ሌላ ጊዜ ስትሞክር ሬዲዮ መጣ። ሦስተኛው ላይ ከሐዋሳ ድረስ ተነቃቅሎ የመጣ ቁም ሳጥን ክፍሏ ውስጥ ተገጣጠመላት። ቁም ሳጥኑ ከመግዘፉ የተነሣ የክፍሉ በር ግማሽ እንኳ አልከፈት አለ። ከዚያ ወዲህ አሳየሽ ወደ ቤቷ የምትገባው በጎኗ ነው፣ ሆዷን ስባ። ሰው ግን ያየውን ያወራል፤ «እንዲህ ያለ የባል ወንድም ከየት ይገኛል» ይላታል። እውነት ነው፤ አይገኝም። ይኸው ነበር ጭንቁ። የሚያስመርር ነገር ቢሰጧት ታማርር ነበር።

የልቧን የምታውቀው ገንዘብ ተቀባይዋ ሳህሊቱ ብቻ ነበረች። ሳህሊቱ አፏ አያርፍም። «ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ ብለሽ እንዳትተነፍሺ» አለቻት፤ «ፍሪጅ ያመጡልሽና ጭራሽ መውጫ ታጪያለሽ።» ሳህሊቱ ራሷ አግብታ ገሱባ ስትሄድ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ሳመቻትና «አንቺን ከዚህች መስኮት ገብርኤል ራሱ ካላወጣሽ ሰው አያወጣሽም» ብላት ሄደች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠና ዘጠኝ ደረሰ። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ የውጭ አገር መምህራንም አንድ ሁለት እያሉ ሥጋ ቤቱ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዱ ሰውዬ ገብቶ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ፤ ሥጋ ቆራጩ ጦናም ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶ ሲያበቃ ጥሬውን ቆርጦ፣ ቢላዋውን ጨምሮ ፊቱ አስቀመጠለት። ሰውዬው ቢላዋውን አየ፣ ጦናን አየ፣ ሒሳብ ሳይጠይቅ ወጣ። አቶ ወልደመስቀል በዚህ አፈሩ። ፍልሰታ ሲገባ፣ ቢላዋ በማይሳልበት በዚያ የጾም ሰሞን፣ ታምራት የሚባለውን ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር አመጡና «እነዚህን ልጆች አፍ አስፈታልኝ፤ እኔንም ጭምር» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፦ ጦና፣ አስተናጋጇ ፈጠነች፣ አቶ ወልደመስቀል ከፊት ወንበር። አሳየሽ የሠራተኛው ሽሮ እሳት ላይ ስላለ ከመስኮቷ ሆና ትማራለች።

በሦስተኛው ቀን መሰለኝ፣ ታምራት «አይ አም ጎይንግ ቱ» የሚለውን አመጣ።

«ይህን የያዘ ሰው ሐሳብ ያለው ሰው ነው» አለ። «ላደርግ ነው፣ አስቤያለሁ፣ ቆርጫለሁ፤ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። በሉ፣ ሁላችሁም ዕቅዳችሁን ንገሩኝ።»

ሰሞኑም የዕቅድ ነበር። ሁለት ሺህ ሊገባ ነው ተብሎ ቀበሌው ያቅዳል፣ ዕድሩ ያቅዳል፣ ሱቁ ያቅዳል። ጦና ደረቱን ነፍቶ ተነሣ። «አይ አም ጎይንግ ቱ ባይ ባጃጅ።»

ፈጠነች ቀጠለች። «አይ አም ጎይንግ ቱ ሜሪ ዶክተር።»

«የትኛውን ዶክተር?» አላት ጦና።

«የተገኘውን።»

አቶ ወልደመስቀል ፎቅ ሊሠሩ መሆኑን ተናገሩና ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አይ አም ጎይንግ ቱ ኩክ» አለች አሳየሽ።

ታምራት ሳቅ አለ። «እሱ ዕቅድ አይደለም እትዬ አሳየሽ፤ ሥራዎ ነው። ዕቅድ ማለት ገና የሌለ ነገር ነው።»

ገና የሌለ ነገር። አሳየሽ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። የምታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል እፍኝ አይሞላም። ኦፕንን ታውቀዋለች፤ ትልቁ በር ላይ የተንጠለጠለው ሰሌዳ ላይ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ፈጠነች ስትገለብጠው ታያለች። ሆቴልን ማን የማያውቅ አለ። ሌላው የአባቷ አገር ስም ነው።

«አይ አም ጎይንግ ቱ ኦፕን ሆቴል፣ ኢን ጉኑኖ።»

ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። በአማርኛ ሲሆን ግማሽ ላይ የሚቋረጥባት፣ በወላይትኛም ለገዛ ወንድሟ አስተካክላ ነግራው የማታውቀው ነገር፣ የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ በሁሉም ፊት አልፎ ወጣ፤ ማንም አላወቀውም። አጨበጨቡላት። ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት አቶ ወልደመስቀል ናቸው። «ጎበዝ፤ ቁጭ ብላ ነው ለካ የምትሰማው» አሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ቀን ተስቆበት ይረሳ ነበር። ግን አቶ ወልደመስቀል ሥጋ ቤት ሳይከፍቱ በፊት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ከመንግሥት ሥራ ቢወጡም ስብሰባው ከእሳቸው አልወጣም። በማግስቱ ትምህርቱ ሳይጀመር ብድግ አሉና «ትናንት ዕቅድ ሰምተናል፤ ዛሬ ክንውን ይቀርባል» አሉ።

«ጋሽ ወልደመስቀል፣ ይህ እኮ መልመጃ ነው» አለ ታምራት።

«መልመጃም ቢሆን። ጦና፣ ባጃጁ ከምን ደረሰ?»

ጦና ግምገማ የለመደ ነው፤ ወዲያው «ሠላሳ በመቶ» አለ። ፈጠነችም አንድ ዶክተር በመንገድ ሲያልፍ እንዳየች ሪፖርት አደረገች። አሳየሽ «ዜሮ» አለች።

«ዜሮ አይሆንም። ዜሮ ያስወቅሳል» አሉ አቶ ወልደመስቀል፣ ዓይናቸው እየሳቀ። «ቢያንስ በሩን ምን ቀለም ልትቀቢው ነው?»

«አረንጓዴ» አለች ሳታስብ።

ታምራት ቃሉን ሰጣት። «ግሪን።» አሳየሽም በሩን በእንግሊዝኛ ቀባችው። በማግስቱ አግዳሚ ወንበር አስገባች። በሦስተኛው ቀን ምድጃ አስቀመጠች፤ አቶ ወልደመስቀል ግን ተቃወሙ። የምግብ ቤት ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አይችሉም። «ምድጃውን ከበሩ አጠገብ? በላተኛውን በጭስ ልትፈጂው ነው? ወደ ጓሮ አዙሪው። ጭስ ማውጫውም ከፍ ይበል።» ሌላ ቀን ደግሞ «ጉኑኖ ገበያ ውሎው ረጅም ነው፤ ጥላ ያስፈልግሻል» ብለው በረንዳ ጨመሩላት። ፍልሰታ ሲያልቅ ሆቴሉ ቤት መምሰል ጀምሮ ነበር። ሥጋው ተመልሶ ከተሰቀለ በኋላም ረቡዕና ዓርብ፣ ጾም ስለሆነ፣ ትምህርቱ ቀጠለ።

ይህ ሁሉ ደስ አላላትም። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ኋላ ግን ያቺ ሰዓት መርዝ ሆነችባት። ሰዎቹ እየሳቁ ሲነሡ በሩም ወንበሩም ምድጃውም አብሮ ይነሣል። እሷ ትዞራለች፤ ድንጋዩ እዚያው፣ ቃሪያው እዚያው፣ ማታም ሆዷን ስባ በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መካከል በጎኗ ትገባለች። በፊት የምትፈልገው ነገር መልክ አልነበረውም፤ አሁን ቀለም አለው፣ በረንዳ አለው፤ መታገሡ የባሰ ከበዳት።

አዲሱ ዓመት ገብቶ፣ ሁለት ሺህ ተብሎ፣ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሰህ ሲባባል፣ ልቧን አደንድና በአማርኛ ሞከረች።

«ጋሼ፣ ያ የምለው የጉኑኖ ነገር…»

«ኧረ ጥሩ እየሄድሽ ነው፤ አነጋገርሽም ተሻሽሏል።»

«የእንግሊዝኛውን አይደለም። እውነቱን ነው። ብሄድ ብዬ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ በቸርነት ቀብር ላይ ያየችው ፊት ነው። «ማን ከፋሽ? ጦና ተናገረሽ? ምን ጎደለሽ?»

በሳምንቱ ፍሪጅ መጣ።

«ዳታው እንዳይበላሽብሽ» አሉ፣ ተሸካሚዎቹ የበሩን መዝጊያ ነቅለው አስገብተው ከአልጋዋ ግርጌ ሲያስጠጉት። አሳየሽ አመሰገነች። ምን ታድርግ? አልጋዋ ላይ ስትወጣ ከእንግዲህ በራስጌ በኩል መንጠላጠል አለባት። ሳህሊቱ ትዝ አለቻትና ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆነ። ፍሪጁም አጠገቧ ቆሞ ያጉረመርማል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያጉረመርማል።

በሚቀጥለው ረቡዕ ዕቅድና ክንውን ሲጠየቅ «ዜሮ» አለች፤ ከመስኮቱም ዞር አለች።

አቶ ወልደመስቀል ይህን አልቻሉም። ሰው ሲከፋ ማየት አይሆንላቸውም፤ የሚያባብሉበት ሌላ ስጦታም ለጊዜው አልነበራቸውም። ብድግ አሉ። «ዛሬ የእሷን ክንውን እኔ አቀርባለሁ» አሉ። ሸሚዛቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «አሳየሽ ኢዝ ጎይንግ ቱ ኦፕን ሆቴል፣ ኢን ጉኑኖ። በሩ አረንጓዴ ነው። ምድጃው ወደ ጓሮ ዞሯል። በረንዳው ተሠርቶ ለመስቀል ይደርሳል። እኔ ራሴ መጥቼ እመርቀዋለሁ።»

እነጦና አጨበጨቡ። ትልቁ በር ላይም አንድ ሌላ ሰው አጨበጨበ።

ወንድሟ አንጁሎ ነበር። ለጊፋታ፣ ከመስቀል ጋር ለሚውለው የወላይታ ዓመት መለወጫ፣ እህቱን ሊጋብዝ ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ መጥቷል። እንግሊዝኛ አያውቅም። ትምህርት ላይ መሆናቸውንም አላወቀም። የሰማው የእህቱን ስም፣ ሆቴል፣ ጉኑኖ የሚለውን፣ ከዚያ ቀሪውን በጥሩ አማርኛ፣ ከሥጋ ቤቱ ባለቤት አፍ፣ በምስክር ፊት ነው። ቅቤውን በመስኮቱ አቀበላት፤ እጇን ጨበጥ አድርጎ «ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቀሪውን ለእኔ ተይው» አላት። እሷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠራረገች ስለ በዓሉ ድግስ የሚያወራ መስሏት «እሺ» አለችው። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወደ መናኸሪያው ሮጠ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጦና ባጃጁን ስድሳ በመቶ ሲያደርስ፣ ነጫጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከጉኑኖ መጡ። ከኋላቸው አንጁሎ ነበር፤ ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። ከፊት የነበሩት አዛውንት፣ አቶ ማሞ፣ አልቀመጥም ብለው ቆሙ።

«ወንድምዎ ያረፈ ጊዜ ሜዳ ላይ አልጣሏትም» አሉ። «አሁን ደግሞ በወግ በማዕረግ ወደ አባቷ ደጅ መለሷት። ጊፋታ ሳይገባ ሰው የልቡን ተናግሮ ነው የሚሻገረው፤ እኛም ምስጋናችንን ይዘን አንሻገርም ብለን መጣን።» ብለውም መመረቅ ጀመሩ፤ ሁሉም ቆሞ አሜን አለ። አቶ ወልደመስቀልም አሜን አሉ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ።

ምርቃቱ ሲያልቅ «የምን ደጅ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሆቴሉ ነዋ» አለ አንጁሎ። «በሩን አረንጓዴ ቀባሁት። ምድጃውን እርስዎ እንዳሉት ወደ ጓሮ አዞርኩ። ፍየሎቹን ጎረቤት ወሰደልኝ። በረንዳው ቆርቆሮ ብቻ ቀርቶታል።»

ጦና የተሰቀለው መንጠቆ ላይ አንድ ነገር የሚፈልግ መስሎ ዞረ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ይህ እኮ እንግሊዝኛ ነው» አሉ አቶ ወልደመስቀል።

አቶ ማሞ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእንግሊዝኛም ጭምር ነው የተናገሩት?» አሉ።

ያን ጊዜ አቶ ወልደመስቀል እንደ ተያዘ ሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አሳየሽ፣ ንገሪያቸው። መልመጃ ነው በያቸው። በሰው ፊት ተናገሪ፤ ምን ጎደለሽ?»

 አሳየሽ በመስኮቷ ሁሉንም አየች፦ የወንድሟን ጥፍር፣ የሽማግሌዎቹን ጋቢ፣ የእኚህን ክፉ ያላደረጉባትን ሰው ግንባር ላይ የወጣውን ላብ። መልመጃ ነው ብትል እውነት ነው። ሁሉም ይስቃል፣ ማንም አያፍርም፣ ፍየሎቹም ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። እሷም ትመለሳለች። አፏን ከፈተች፤ በመስኮቱ ግን አልተናገረችም። ማማሰያውን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ በወጥ ቤቱ በር ዞራ አዳራሹ ውስጥ ገባች። ፈጠነች ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሁሉም ያየው እግሯን ነው፤ የላስቲክ ጫማዋ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ ነበር።

«መልመጃ ነበር» አለች።

አቶ ወልደመስቀል ተነፈሱ።

«ስለማመደው ቆየሁ ጋሼ። ምንም አልጎደለኝም። ብርድ ልብሱ አለ፣ ሬዲዮው አለ፣ ፍሪጁ አለ። ጎድሎኝ አይደለም። መሄድ ነው የፈለግኩት።»

ይኼው ነው። ስንት ዓመት ሳይወጣላት የቆየው ይህች ታህል ነበረች።

አቶ ወልደመስቀል ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ጠረጉ። ከዚያ፣ ልጅ በሚመስል ድምፅ፣ «ዳታውስ?» አሉ።

«በየጊዜው በሚኒባስ እልካለሁ።»

«ይፈስሳል።»

«ክዳን ባለው።»

 ሽማግሌዎቹ ምድር ምድር ያያሉ። መጨረሻ ላይ አቶ ወልደመስቀል ቀና ብለው ወደ አንጁሎ ዞሩ፤ ድምፃቸው የስብሰባ ድምፅ ሆኗል። «ጭስ ማውጫውን ከፍ አድርገኸዋል ወይስ እንደነገሩ ነው የተውከው?»

አንጁሎ እንደነገሩ ነበር የተወው። በዚያች ቅጽበት ግን ስለ ጭስ ማውጫ የተቆጡት ሰው እንደፈቀዱላት አሳየሽ ገባት፤ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ በበላተኛ ወንበር።

ቁም ሳጥኑ ካልተነቃቀለ በበሩ አልወጣ ብሎ እዚያው ቀረ። ፍሪጁ ግን ሚኒባስ ጣራ ላይ ታስሮ፣ ከጎኑ ሬዲዮው፣ ጉኑኖ ገባ። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» ሲል፣ አንዱ ሰው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አቶ ወልደመስቀል ቅዳሜ ለምርቃቱ መጥተው ነበር። መጀመሪያ ያዩት ምድጃውን ነው፤ ጭሱ አሁንም ይመለሳል ብለው ተነጫነጩ፤ ከዚያ ዳታውን አስጨምረው በሉ።

እኔ ከዚያው ነው የምመጣው፤ ከንፈሬ አሁንም ያቃጥለኛል። ኧረ ሳህሊቱ። ሳህሊቱ እኮ አልሰማችም። ያ የገሱባ መኪና አንድ ሰው ቀረኝ እያለ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ሳይነግራት ልሩጥ።